ከክርክሩ ውጭ ባለ ሰው እጅ ስለሚገኝ ምሥጢር
በራቤልና በመንዝ አገር ልማድ መነሻነት የቀረበ የሕግ ማብራሪያ

መግቢያ

በፍርድ ቤት የሚከራከሩ ሰዎች ማስረጃቸውን ሁልጊዜ በእጃቸው ይዘው አይቀርቡም። ከሳሹ እውነተኛ መብት ያለው ሲሆን፥ መብቱን የሚያስረዳለት ወረቀት ወይም ቃል ከሳሽም ተከሳሽም ባልሆነ በሌላ ሰው እጅ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ሰው አልከሰሰም፤ አልተከሰሰም፤ ከፍርዱም የሚያገኘው ጥቅም የለም። ነገሩን ያወቀው በሥራው፥ በሹመቱ ወይም ሰው አምኖ ስለ ነገረው ነው። ዳኛው እንዲህ ያለውን ሰው «የያዝኸውን አውጣ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላልን? የሚችል ከሆነስ እስከ ምን ድረስ? በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ነው።

ጥያቄው የከተማ ነጋዴና የባንክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን መነሻችንን ራቤልን አድርገናል። ራቤል በሰሜን ሸዋ ዞን የጊሼ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩ ደጋ ነው፤ ሕዝቡም ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ዋናው ሀብት መሬት ስለ ሆነ ዋናው ክርክርም የመሬት ክርክር ነው። የመሬቱ ማስረጃ ቀድሞ በሽማግሌ አእምሮ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ይገኛል። በሁለቱም ዘመን ባለመሬቱ ራሱ የያዘው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ በሌላ ሰው እጅ ያለውን ማስረጃ የማስወጣት ነገር ለራቤል ገበሬ የእርሻውና የልጆቹ እንጀራ ጉዳይ ነው።

፩. ምሥጢሩ በቃል ይጠበቅ በነበረበት ዘመን

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በ1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ፥ በመንዝና በአካባቢው ብዙው መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ስለሚሄድ አንድ ሰው በብዙ ስፍራ ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንድ ስፍራም ብዙ ሰዎች ሊጠይቁ ይችላሉ። እንግዲህ ትውልድ መቁጠር ማወቅ ራሱ ሀብት ነበር ማለት ነው።

ይህን ዕውቀት የያዘው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ከክርክሩ ውጭ ያለ ሰው ነው። ዝም የሚልበትም ምክንያት ነበረው። ለአንዱ ዘመድ ቢመሰክር ሌላውን ዘመዱን ይጎዳል። ቆጠራውን በሸንጎ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢዘረዝር ደግሞ ከዚያ በፊት መብታቸውን የማያውቁ ሰዎች ሰምተው በገዛ ልጆቹ ላይ ሊነሡ ይችላሉ። ከሽማግሌው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በአንዳንድ አድባራት በወንጌል ብራና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ውል ይጻፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። መጽሐፉ የሚገኘው በዕቃ ቤት ሲሆን ጠባቂዎቹ ካህናት ናቸው፤ እነርሱም ተከራካሪዎች አይደሉም።

ዝም ያለውን ሰው ለማናገር የነበረው ዋና መሣሪያ መሐላና ግዝት ነው። ምስክሩ በመሐላ ይያዛል፤ እውነቱን የሚሸሽግ ሰው እንዲወገዝ ካህኑ ይገዝታል። ይህ የነፍስ ፍርሃትን የሚጠቀም ማስገደጃ ስለ ሆነ፥ ምን ያህል እንደ ተነገረና ምን እንደ ቀረ የሚያውቀው ተናጋሪው ብቻ ነበር።

ከዚህ የጠነከረው ሥርዐት አውጫጭኝ፥ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፥ የተባለው ነው። ሌብነት፥ ቃጠሎ ወይም ግድያ ተፈጽሞ አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ሰው አድራጊው እስኪታወቅ ድረስ ይመላለሳል። ጉዳዩ ወንጀል ቢሆንም የተበዳዩን ኪሳራ ማስከፈልም የሥርዐቱ ዓላማ ስለ ነበረ ከፍትሐ ብሔር ክርክር የራቀ አይደለም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር የሚገደደው ሰው ማንነት ነው። የተሰበሰበው ሕዝብ በዳይ አይደለም፤ የሚፈለግበት የሚያውቀውን እንዲናገር ብቻ ነው።

ሰው የጎረቤቱን ስም በአደባባይ ለመጥራት ቂምን ይፈራል። ስለዚህ ልማዱ «ወፍ» የሚባል መንገድ ነበረው። የሚያውቅ ሰው በስውር ይናገራል፤ የተነገረው ለሸንጎው ሲደርስ የተናጋሪው ስም አይጠራም፤ የተናገረው ወፍ ነው ይባላል። ነገሩ እንዲወጣ ይገደዳል፤ ያወጣው ሰው ግን ይሰወራል። ይህ ልማድ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ስሙ የተጠራው ሰው ማን እንደ መሰከረበት ስለማያውቅ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። ነገር ግን አንድ እውነት ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም አንድን ሰው የሚያውቀውን እንዲናገር የሚያስገድድ ዳኝነት፥ በመናገሩ ምክንያት ለሚመጣበት ጉዳት ማሰብ ያለበት መሆኑ ነው።

፪. የተጻፈው ሕግ ምን ይላል

በጽሑፍ ወዳለው ሕግ ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ብዙ ነገር የወሰደው ከ1908 እ.ኤ.አ. የሕንድ ሥነ ሥርዐት ሕግ ነው። ከክርክሩ ውጭ ወዳለ ሰው የሚያደርሱ ሦስት በሮች አሉት።

አንደኛው በር የክሱ ጽሑፍ ራሱ ነው። ከሳሽ የምስክሮቹንና የሰነዶቹን ዝርዝር ከክሱ ጋር ሲያቀርብ፥ በእጁ የሌለው ሰነድ በማን እጅ እንደሚገኝ መግለጥ አለበት። ስለዚህ ሕጉ ማስረጃ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ያውቃል።

ሁለተኛው በር የምስክር መጥሪያ ነው። ፍርድ ቤቱ ማንኛውንም ሰው ለመመስከር ወይም ሰነድ ለማቅረብ ሊጠራው ይችላል። ሰነድ እንዲያቀርብ ብቻ የተጠራ ሰው ራሱ ሳይመጣ ሰነዱን ቢልክ ትእዛዙን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል። የምስክሩን ወጪ የሚችለው የጠራው ወገን ነው። መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረውን ሰው ፍርድ ቤቱ ተይዞ እንዲመጣ ሊያዝዝ ይችላል።

ሦስተኛው በር ቁጥር 145 ነው። በዚህ ቁጥር መሠረት ፍርድ ቤቱ በራሱ አሳብ ወይም በተከራካሪ ጥያቄ፥ ከሌላ ፍርድ ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብም ሆነ ሰነድ አስመጥቶ ሊመረምር ይችላል። ጠያቂው ግን በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ማቅረብ አለበት፤ በቃሉም ሰነዱ ለክርክሩ እንዴት እንደሚጠቅምና የተረጋገጠ ግልባጩን ያለ ብዙ መዘግየትና ወጪ ሊያገኝ አለመቻሉን፥ ወይም ዋናው ሰነድ መቅረቡ ለፍትሕ አስፈላጊ መሆኑን ያስረዳል። ይህ በር የተከፈተው ወደ ፍርድ ቤቶችና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። የግል ድርጅት፥ እድር ወይም ቤተ ክርስቲያን የያዘው ሰነድ የሚፈለግ ሲሆን መንገዱ የምስክር መጥሪያው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያየነው የማስገደድን ሥልጣን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የምሥጢር መብት ይቆማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው መብት በሚናገርበት ክፍል፥ ሰው በሙያው ምክንያት ያወቀውን ነገር በመግለጡ አምኖ የነገረውን ሰው የሚከዳ ከሆነ እንዲገልጥ ሊገደድ እንደማይገባ ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሃይማኖት አባት፥ ጠበቃ፥ ሐኪምና እነዚህን የመሰሉ ሰዎች የሙያ ምሥጢር ቢያወጡ ይቀጣል፤ ባለምሥጢሩ ሲፈቅድና ሕግ ሲያስገድድ የሚደረገውን መግለጥ ግን ከቅጣቱ ውጭ አድርጎታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ መብቱም የሚገደበው በሕግ መሠረት፥ በአስገዳጅ ሁኔታ፥ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንዱ ነው፤ ከነዚህም አንዱ የሌሎችን መብት ማስከበር ነው። ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ሰው ሁሉ ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

እንግዲህ ሕጋችን ለማስገደድም ሥልጣን ሰጥቷል፤ ለምሥጢርም ክብር ሰጥቷል። ሁለቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲጋጠሙ ግን የቱ ቀድሞ የቱ ይከተል የሚለውን በየደረጃው አልዘረዘረም፤ ሚዛኑን ለዳኛው ትቶታል። ጽሑፋችንም የሚያተኩረው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

፫. አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የሚከተለውን ምሳሌ እናድርግ። ጉዳዩ በእውነት የደረሰ አይደለም፤ በራቤል አካባቢ ሊደርስ የሚችል ነው።

አንዲት ሴት ባሏ ሞተባት። የባሏ ወንድም «ሟቹ ከመሞቱ 10 ቀን በፊት መሬቱን በስጦታ ውል ሰጥቶኛል» ብሎ ያዘባት። እርሷም ውሉ ሐሰት ነው፤ ባሌ በዚያን ቀን በሐኪም ቤት ተኝቶ ሰው እንኳ አይለይም ነበር ብላ ከሰሰች። በእጇ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ብቻ ነው። የቀረው ማስረጃ በሦስት ሰዎች እጅ ነው፤ እነርሱም የወረዳው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት፥ ሐኪም ቤቱና የሟቹ የንስሐ አባት ናቸው። ማስረጃውን ካላገኘች ልጆቿን የምታሳድግበት መሬት ይሄዳል።

ሀ) የመሬቱ መዝገብ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ ሲካሄድ፥ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ተደርጓል። ስጦታው ወደ መሥሪያ ቤቱ ቀርቦ ከሆነ ማን እንዳቀረበው፥ በምን ቀን እንደ ቀረበና ማን እንደ ፈረመ መዝገቡ ያሳያል። ይህ መዝገብ ከምሥጢርነት ይልቅ ወደ ሕዝብ ሰነድነት ያደላል፤ የተጻፈውም የመሬት መብት እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ በቁጥር 145 መሠረት ማስመጣቱ አያስቸግርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሚመጣው የዚያ መሬት ገጽ ብቻ እንዲሆን ነው። መላው የቀበሌው መዝገብ ቢመጣ የጎረቤቶቹ ይዞታ ሁሉ በአደባባይ ይገለጣል፤ ከዚያም እንደ ቀድሞው የርስት ዘመን አንዱ ክርክር ዐሥር ክርክር ይወልዳል።

ለ) የሐኪም ቤቱ ካርድ። በካርዱ ላይ ሟቹ የተኛበት ቀን ብቻ ሳይሆን የበሽታው ዐይነትም ተጽፏል። ለክርክሩ የሚያስፈልገው ሟቹ በዚያን ቀን የት እንደ ነበረና አእምሮው ያገለግለው እንደ ነበረ ነው። በሽታው ሰው የሚያፍርበት ዐይነት ቢሆን ስሙን በአደባባይ ማንበብ ሟቹንም የቀረችውን ሚስቱንም ይጎዳል። እዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ነገር አለ፤ ምሥጢሩ የሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ጠባቂ ነው፤ ባለቤቱ ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «አላወጣም» ሲል ስለ ራሱ ሥልጣን አይከራከርም፤ በችሎቱ ስለሌለ ሰው ይናገራል። ዳኛው ካርዱን አስመጥቶ መጀመሪያ ራሱ ቢመለከተው፥ ቀኑንና የአእምሮውን ሁኔታ የሚያሳየውን ብቻ ለሁለቱም ወገን ቢያሳይ፥ የቀረውን ቢከድነው፥ ሴቲቱም መብቷን ታገኛለች፤ የሟቹም ስም ይጠበቃል።

ሐ) የንስሐ አባት። ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ችግሩም ከቋንቋችን ይጀምራል። በአማርኛ «ኑዛዜ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ሰው ኀጢአቱን ለካህን የሚናገርበት ነው፤ ሁለተኛው የሚሞት ሰው ስለ ንብረቱ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። በአገራችን ልማድ ሁለቱ በአንድ አልጋ አጠገብ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰዓት ይፈጸማሉ። ካህኑ ይጠራል፤ ሰውየው ንስሐ ይገባል፤ ከዚያም ሽማግሎች ገብተው ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ ቃሉን ይሰማሉ። እንግዲህ ካህኑ በሁለት ስም ቆሟል፤ በመጀመሪያው የንስሐ አባት ነው፤ በሁለተኛው እንደ ማንኛውም ሽማግሌ እማኝ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ የሚለው ሁለተኛውን ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ እንዳለበት፥ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክሮች እንደሚበቁ ደንግጓል። ምስክር የሚያስፈልገውም ኋላ እንዲመሰክር ነው። ስለዚህ ካህኑ በእማኝነት የሰማውን «የነፍስ ምሥጢር ነው» ብሎ ሊሰውር አይገባውም፤ ሟቹ ራሱ እንዲነገር ብሎ የተናገረው ነውና። በንስሐ የሰማውን ግን ዳኛ ሊጠይቀው አይገባም። ሟቹ በንስሐው ጊዜ «ለወንድሜ የፈረምሁት ተገድጄ ነው» ብሎ ተናግሮ ቢሆን እንኳ ያ ቃል ለካህኑ የተነገረው ለፍርድ አይደለም። ዳኛው ሊያደርግ የሚችለው ጥያቄውን መክፈል ነው። «ሽማግሎቹ ከገቡ በኋላ ስለ መሬቱ ምን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ የተፈቀደ ነው፤ «ሟቹ ምን ነገረህ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ ግን ካህኑን ከሐሰትና ከክህደት መካከል ያስገባዋል።

፬. በሌላ አገር የተገኘ ሚዛን

ስለዚህ ነገር በሰፊው ከሚጠቀሱት ፍርዶች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሎርዶች ምክር ቤት በ1973 እ.ኤ.አ. የፈረደው የኖርዊች ፋርማካል ጉዳይ ነው። ኩባንያው ፉራዞሊዶን በሚባል መድኃኒት ላይ የፈጠራ መብት ነበረው። ሌሎች ሰዎች ያለ ፈቃዱ መድኃኒቱን ወደ አገር ያስገቡ ነበር፤ እርሱ ግን ስማቸውን አያውቅም። ስማቸውን የሚያውቁት የጉምሩክ ኮሚሽነሮች ናቸው፤ እነርሱም ነጋዴ አምኖ የሰጠንን አናወጣም አሉ። ምክር ቤቱ ስሞቹ እንዲገለጡ አዘዘ። ምክንያቱም አንድ ሰው ራሱ ሳያጠፋ በሌላው ጥፋት ውስጥ ገብቶ ጥፋቱ እንዲፈጸም መንገድ ከሆነ፥ ካሳ ባይከፍልም ተበዳዩን በሚያውቀው መርዳት አለበት የሚል ነው። ዕቃው ያለፈው በጉምሩክ በኩል ነበርና ጉምሩክ ተራ ተመልካች አይደለም።

አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ ፍርድ የሚፈልገው አውጫጭኝ የሚፈልገውን ነው፤ ይኸውም ያልታወቀውን በዳይ ስም በዳይ ካልሆነ ሰው ማግኘት ነው። ልዩነቱ በወሰኑ ላይ ነው። አውጫጭኝ አገሩን ሁሉ ይሰበስባል፤ የእንግሊዙ ትእዛዝ ነገሩ በእጁ ያለፈውን አንዱን ሰው ይይዛል፤ በአጠገቡ ያለፈውን ተመልካች አይነካም። ጠያቂው በደል መፈጸሙን አስቀድሞ ማመልከት አለበት፤ መግለጡም አስፈላጊና ተመጣጣኝ መሆኑ ይመዘናል፤ ወጪውን በተለመደው አሠራር ጠያቂው ይከፍላል። አውጫጭኝ ግን ለተናጋሪው የሰጠውን መከለያ በእንግሊዙ ፍርድ ውስጥ አናገኘውም።

፭. አስተያየታችን

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ስናጠቃልል፥ ችግሩ ሕጉ ለዳኛው የማስገደድ ሥልጣን ማሳነሱ አይደለም፤ ሥልጣኑ በሚሠራበት ጊዜ በችሎቱ የሌለው ባለምሥጢር መዘንጋቱ ነው። ከሳሽ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ተከሳሽም እንዲሁ፤ ሰነዱን የያዘው ሰው ከመጥሪያው ለመገላገል ሰነዱን አምጥቶ ያስረክባል። ስለ ባለምሥጢሩ የሚናገር የለም። ስለዚህ ዳኛው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል።

1ኛ. የሚፈለገው ነገር ክርክሩን የሚቈርጥ ነውን፥ ወይስ ጠያቂው ምናልባት አንድ ነገር አገኝ ይሆናል ብሎ የሰው መዝገብ ሊበረብር ነው? ቁጥር 145 የሚጠይቀው የመሐላ ቃል የተደነገገው ለዚህ ስለ ሆነ እንደ ልማድ ወረቀት ብቻ ሊታይ አይገባም።

2ኛ. በሌላ መንገድ ሊገኝ አይችልምን? ሽማግሎቹ ሊመሰክሩ ሲችሉ ካህኑን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

3ኛ. ምሥጢሩ የማን ነው? ባለቤቱ በሕይወት ካለ ይጠየቅ፤ ከፈቀደ ነገሩ ያበቃል፤ ካልፈቀደም ምክንያቱ ይሰማ።

4ኛ. ምን ያህሉ ይበቃል? አንድ ገጽ ከበቃ መዝገቡ አይምጣ፤ አንድ ቀን ከበቃ በሽታው አይነበብ። አስፈላጊ ሲሆን ዳኛው ለብቻው ይመልከት፥ ወይም ነገሩ በዝግ ችሎት ይሰማ። ነገር ግን በፍርዱ ላይ የሚጠቀስ ማስረጃ ሁሉ ሁለቱም ወገኖች ሊከራከሩበት ይገባል፤ የወፍ ልማድ የወደቀው በዚህ ነውና።

እንደ ራቤል ባለ አገር ለዚህ ጥንቃቄ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በትልቅ ከተማ የተገለጠ ምሥጢር በሕዝብ ብዛት ውስጥ ይጠፋል። በትንሽ ወረዳ ግን መዝገብ ያዡ፥ ሐኪሙ፥ ካህኑና ተከራካሪዎቹ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በአንድ እድር ይቀባበራሉ። ሰው በሐኪም ቤት የተናገረው በችሎት እንደሚነበብ ካወቀ ለሐኪሙ እውነቱን አይናገርም፤ ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። በዚያው መጠን ደግሞ መዝገብ ያዡ «ምሥጢር ነው» ባለ ቁጥር ፍርድ ቤቱ ዝም ካለ፥ በምሳሌያችን ያየናት ሴት መሬቷን ታጣለች፤ ምሥጢር የሚለው ቃልም ለሐሰተኛ ውል መሸሸጊያ ይሆናል። ሁለቱም ጉዳት እውነተኛ ነው። የሥነ ሥርዐት ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወስነው ዳኛ ግን ምክንያቱን በትእዛዙ ላይ ጽፎ ቢያስቀምጥ፥ የሚቀጥለው ዳኛም ሆነ ነገ ምሥጢሩን ለሰው አምኖ የሚሰጠው ገበሬ ወሰኑን አስቀድሞ ለማወቅ ይችላል።